ቡዜ የረታችውን ፍርድ ስትመልስ

አስመላሽ አንገቱ ላይ ያሰረው ክታብ ደብተራ የጻፈው አልነበረም። የመላእክት ስም የለበትም፤ የቡዳ መድኃኒትም የዓይነ ጥላ ጸሎትም የለበትም። በቀይ ቆዳ ውስጥ የተሰፋው የፍርድ ወረቀት ነው። ሰኔ ፲፱ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም. የተጻፈ፣ የዳኛው ማኅተም ያረፈበት፣ «አስመላሽ የባላምባራስ ዲሪባ ልጅ መሆኑ በእናቲቱ መሐላ ተረጋግጧል፤ ከግቢውም እኩሌታው ይድረሰው» የሚል ወረቀት።

እናቱ ቡዜ ሊካሳ ፊደል አልቆጠረችም። ዳኛው ፍርዱን ካነበቡ በኋላ ግን «ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ» ብላ አስደግማ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ ያዘችው። ሣጥን ውስጥ ባኖረው አይጥ ይበላዋል፣ ሰው እጅ ባኖረው ሰው ይክደዋል አለችና ክታብ ሠፊ ዘንድ ወስዳ አሰፋችው። በአሥራ ስድስት ዓመት ልጇ አንገት ላይ አሰረችና፣ «እንዳታወርደው» አለችው። «ማን ነህ የሚልህ ሰው ከመጣ አንገትህ ይመልስለት።»

ቡዜ ገና ልጃገረድ ሳለች ከጊንጪ መጥታ፣ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባላምባራስ ዲሪባ ቤት ጠጅ ጣይ ሆና ነው የገባችው። አስመላሽን ያረገዘችው እዚያው ነው። የባላምባራሱ ባለቤት ሆዷ መግፋቱን ባዩ ቀን አስወጧት። ሩቅ አልሄደችም፤ ከግቢው አጥር ሥር ጎጆ ቀልሳ ጠላ መሸጥ ጀመረች። ባላምባራሱ በበቅሎ ሲያልፉ ዞር ብለው አያይዋትም፤ በዓመት አንድ ጊዜ ግን፣ ለእንቁጣጣሽ፣ አንድ ቁና ጤፍ በሎሌ እጅ ይልኩላት ነበር። ሎሌው ቁናውን ገልብጦ ያለ አንድ ቃል ይመለሳል።

በ፲፱፻፳፭ ዓ.ም. ባላምባራሱ ወደ ሲዳሞ ተሹመው ሲሄዱ ባለቤታቸው ሞተው ነበርና፣ ቤትና ቦታውን ለልጃቸው ለጦቢያ አስረከቡ። ቡዜ ይህን በሰማች በሳምንቱ ነጠላዋን አደግድጋ ችሎት ቆመች። ሁለት ዓመት ተከራከሩ። ጦቢያ በየቀጠሮው የምትለው አንድ ነገር ነው፦

«አባቴ ወንድ ልጅ የለውም።»

የቡዜም መልስ አንድ ነው፦

«አለው። ነገ ብትመጪ ጠላ ሲቀዳ ታገኚዋለሽ።»

ዳኛው በመጨረሻ ወደ ሲዳሞ ጻፉ። ባላምባራሱ ነውም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ፤ «እናቲቱ ትማል» ብለው ብቻ መለሱ። የአባት ነገር ሲያከራክር ለእናት መሐላ ይተዋል፤ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ማን አለ? ቡዜም ቂርቆስ ደጅ ቆማ፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝጊያ ይዛ፣ «ብዋሽ እንደ ሰም ያቅልጠኝ፣ እንደ ጭስ ያብንነኝ» ብላ ማለች። ልጁ የዲሪባ ነው አለች። እውነቷን ነበር።

በረታች ቀን ከችሎቱ እስከ ጎጆዋ ድረስ እልል እያለች ሄደች። ያልሰማ ሰው አልነበረም። በግቢው መካከል ቅንጭብ ተተክሎ አጥር ሆነ፤ ቡዜ በአንዱ በኩል፣ ጦቢያ በሌላው በኩል ሆኑ። ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባ። ባላምባራስ ዲሪባ ከሲዳሞ ጦራቸውን ይዘው ተመልሰው፣ ለጣሊያን አልገባም ብለው ጫካ ገቡ። በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ስማቸው ከሌሎች ሽፍቶች ስም ጋር በአዋጅ ተነበበ። የሽፍታ ዘመድ የሆነ ወንድ ሁሉ ይያዝ ተባለ። የካቲት ፲፪ ካለፈ ገና ዓመቱ ነበርና፣ «ይያዝ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ለማንም አያስረዳም ነበር። ወንድ ዘመድ ሲያጡ ጦቢያን ወሰዷት። ሦስት ወር አስረው መለሷት፤ ስትመለስ ትከሻዋ ጎብጦ፣ ደረቷ በሳል ተይዞ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ካራቢኒዬሪ ከሚባለው የጣሊያን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት እየቀረበች እንድትፈርም ታዘዘች።

ያን ጊዜ ቡዜ ያንን እልልታዋን መቁጠር ጀመረች። ማን ሰማው? የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ሰምታለች። ሸማኔዎቹ ሰምተዋል። ቃሬዛ ሲሸከሙ የነበሩት ሰዎች ሳይቀሩ ዞር ብለው አይተዋታል። ዱሮ ጎረቤት «የባላምባራስ ልጅ እናት፣ እንደምን አደርሽ?» ሲላት ደስ ይላት የነበረው፣ አሁን ቃሉ ጎኗን ይወጋታል።

«የጠላ እናት በሉኝ» ትላለች እየሳቀች። «ጋኑ ነው ልጄ፤ ሆዱን አታዩትም?»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። ሰው ሲወጣላት ግን ዋንጫው ከጋኑ አፍ ጋር ይጋጫል።

አስመላሽ ሃያ ዓመት ሞላው። ጣሊያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች ቤት በሚሠሩበት፣ በኋላ ሰው ሁሉ ካዛንቺስ ባለው ቦታ፣ ድንጋይ እየጠረበ ግንብ ያቆማል። ሲቀጠር እናቱ በነገረችው መሠረት በአያቱ ስም «አስመላሽ ሊካሳ» ብሎ ተመዘገበ። ክታቡን ግን አላወለቀችለትም። ክታብ ያላሰረ ወጣት የለም፤ ክታብ የሚከፍትም የለም፤ ሁልጊዜ አንገቱ ላይ ያዩት ሰዎች ዛሬ ባዶውን ቢያዩት ምን ሆነ ይላሉ እንጂ። እንዲህ አሰበች። ለወረቀቱ ከሁሉ የሚሻል መደበቂያ ያገኘች መስሏት ነበር።

*

ጥቅምት ፴ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ተከስተ ጠላ ሊጠጡ መጡ። አቶ ተከስተ የችሎት ጸሐፊ ናቸው። ጣሊያን ሲገባ ዳኞቹ ተለወጡ፤ እሳቸው ግን መዝገቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ እዚያው ቀሩ። የቡዜን ፍርድ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ጠጪዎች እስኪወጡ ቆዩ፤ ዋንጫቸውን አልነኩትም።

«ጠላዬ ከረፋ እንዴ፣ አቶ ተከስተ?»

«ቡዜ፣ ያ ፍርድሽ ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ነው።»

ቡዜ ተቀመጠች። «ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ችግሩ እሱ ነው፤ እንደ ጸና ነው።»

ቀስ ብለው አስረዷት። የዱሮ ፍርዶች ወደ ጣሊያንኛ እንዲገለበጡ ታዟል። አስተርጓሚው በቀን ስምንት ዘጠኝ ገጽ ያህል ይሠራል። ሰማንያ ሰባተኛው ገጽ ላይ ለኅዳር ሚካኤል ይደርሳል። ሲደርስ «የባላምባራስ ዲሪባ ልጅ» የሚለውን በቋንቋቸው ያነቡታል።

«ገጹን ቅደዱልኝ።»

«እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር አለው። ጣሊያኑ ቆጥሮ ፈርሞ ነው ያስረከበኝ። ብቀደው ሰማንያ ስድስትና ሰማንያ ስምንት ይጮኻሉ።»

«ቀለም ይፍሰስበት!»

«ቀለም የፈሰሰበትን ነዋ መጀመሪያ የሚያነቡት።» ዋንጫውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ስሚኝ። የሚገለበጠው የጸና ፍርድ ብቻ ነው። የቀረ ፍርድ ይታለፋል። ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ቀርበው ታርቀናል፣ ፍርዱ በስምምነት ይቅርልን ካሉ ዳኛው ለምን ብሎ አይጠይቅም። እኔ በኅዳጉ አንድ መስመር እጽፋለሁ። በቃ።»

«እኔ ብቻዬን ብቀርብስ?»

«ብቻሽን ከሆነ በሐሰት ነው የማልኩት ልትዪ ነው። ያን ጊዜ ለምን ማልሽ ይመጣል። እሺ፣ አባቱ ማን ነው ይመጣል። የተከፈተ ጥያቄ ማን እንደሚዘጋው እኔ አላውቅም።»

«እንግዲያ ጦቢያ…»

«ጦቢያ» አሉ አቶ ተከስተ፤ ተነሡ። ደጁ ላይ ሲደርሱ፣ «እጄ ጽሑፉ ላይ አለ፤ እኔም እፈራለሁ» ብለው ሄዱ። ጠላው እንደ ሞላ ቀረ።

*

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቡዜ ከቅንጭቡ ሥር አንድ ድንጋይ አንስታ በማጅራቷ ተሸከመችና የጦቢያን ደጅ ገባች። በዳይ ተበዳይን ይቅርታ ሲለምን እንዲህ ነው። ረቺ ግን ተረቺን ለመለመን ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ማንም አላየም፤ ቡዜም ሰው እንዳያያት ጎንበስ ብላ ነው የገባችው።

ጦቢያ ጋቢ ተከናንባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሃምሳ ትመስላለች።

«ማነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እሜቴ። ቡዜ ነኝ።»

«ችሎት ላይ አንቺ ስትዪኝ ነበር። ዛሬ እሜቴ ያሰኘኝ ምንድን ነው?»

ቡዜ ድንጋዩ አንገቷን እየተጫናት ነገረቻት። የመዝገቡን፣ የአስተርጓሚውን፣ የሚካኤልን ቀን፣ አንድ ሳታስቀር። ጦቢያ እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም።

«ግማሹን ግቢ ትመልሽልኛለሽ ማለት ነው?»

«ይመለስ። አጥሩም ይነቀል።»

«ስሙንስ?»

«ስሙንም።»

ጦቢያ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጎንበስ አደረጋት። አፏን በጋቢው ጫፍ ጠረገች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዳኛ ፊት ቆሜ ስጠይቅሽ የነበረውን ዛሬ በማጅራትሽ ተሸክመሽ አመጣሽልኝ? አውርጂው በይ፤ እኔን ደከመኝ።»

ቡዜ ድንጋዩን አወረደች።

«ወረቀቱስ የት ነው?»

«አንገቱ ላይ ነው፤ ክታብ ውስጥ» አለች ቡዜ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው።

ጦቢያ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «አንድ ነገር ንገሪኝ። እዚህ መዝጊያ የለም፣ ዳኛ የለም። ልጁ የአባቴ ነው ወይስ አይደለም?»

ቡዜ ያወረደችውን ድንጋይ አየች። አይደለም ብትል ነገሩ ሁሉ ይቀላል፤ ጦቢያ ያንኑ ስትል ኖራለች፣ ደስ ብሏት ትፈርማለች። ነው ብትል ግን ይህች ሴት ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ካራቢኒዬሪው ፊት ትቆማለች፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ እነሱም ለሷ የቅዳሜውን ፊርማ ሊተዉላት ይችላሉ። ቀላሉን ልትናገር ከንፈሯን ከፈተች። የቂርቆስ መዝጊያ እጇ ላይ የቀዘቀዛት ያህል ተሰማት።

«ነው» አለች። «ሌላ ወንድ አላውቅም ነበር። አልዋሸሁም፣ እሜቴ።»

ጦቢያ ጋቢዋን አጥብቃ ተከናነበች። ፀሐዩ ከላይዋ ሸሽቶ ነበር።

«ቅዳሜ እፈርማለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰኞ ችሎት እመጣ እንደሆነ አያለሁ። ድንጋይሽን ይዘሽልኝ ሂጂ፤ ግቢዬ ውስጥ ድንጋይ ሞልቷል።»

*

ቅዳሜ ጠዋት ቡዜ ጦቢያን ከሩቅ ተከተለቻት። ሌላ ጊዜ ጦቢያ ካራቢኒዬሪው ቤት ገብታ ፈርማ የምትወጣው ውዳሴ ማርያም እስኪደገም ባልሞላ ጊዜ ነበር። ዛሬ ገብታ ቀረች። ቡዜ ቅርጫት ይዛ ዕቃ የምትሸጥ መስላ ከመንገዱ ማዶ ተቀመጠች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ወጣ። ጦቢያ ስትወጣ አንድ ጣሊያን ደጅ ድረስ አብሯት ወጥቶ አንድ ነገር አላት፤ እሷም ራሷን ነቀነቀች።

ቡዜ ልጇ ወደሚሠራበት ቦታ ሮጠች። መሮጥ እንደማይገባት ታውቅ ነበር፤ ሴት ስትሮጥ ሁሉም ያያል። እግሯ ግን አልሰማትም።

ከግንበኞቹ መውጫ በር ፊት ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ሁለት ባንዶች በሩ ላይ ቆመው፣ አንዱ ኮፍያ ይፈትሻል፤ ሌላው በካራ ከየሰዉ አንገት ላይ ክታብ እየቆረጠ ቆዳውን ይሰነጥቃል። መሬቱ በተቀደደ ብራናና በተጣጠፈ ወረቀት ተሞልቷል።

«የእናቴ ክታብ ነው፣ ጌታዬ!» ይላል አንድ ሽማግሌ ጠራቢ። «ከልጅነቴ…»

«ሩፋኤልም ይፈተሻል» አለ ባለ ካራው። «ዛሬ መልአክም ያለ ፈቃድ አያልፍም።»

 ቡዜ ለጦቢያ «አንገቱ ላይ ነው» ያለቻት ከትናንት በስቲያ ነው። ዛሬ ክታብ ይሰነጠቃል። ሌላ ምን ልታስብ ትችላለች? አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ እንዳትጮኽ ነው።

የአስመላሽ ተራ ደረሰ። አንገቱ ባዶ ነው። ክታቡ የኖረበት ቦታ ግን፣ ፀሐይ ያልነካው ቆዳ፣ እንደ ነጭ ክር ዙሪያውን ይታያል።

ባለ ካራው በካራው ጫፍ ነካው። «ይሄስ? ማሰሪያው እዚህ ነበር። ክታብህ የት ሄደ?»

«አስያዝኩት፣ ጌታዬ።»

«ለማን?»

«ጠላ ሻጭ ዘንድ። ጠላው አለቀ፣ ክታቡም ቀረ።»

ሰልፉ ሳቀ። ባለ ካራውም ሳቀና በጥፊ መትቶ ገፋው። «ሂድ! ሰካራም! ሰይጣን ራሱ ይሸሽሃል።»

አስመላሽ እናቱን አልፎ ሄደ፤ እንዳላወቃት ሆኖ። ማዕዘኑን ሲዞር ደረሰችበት።

«ማን ነገረህ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል። አንዱ ትናንት ጉለሌ ላይ በክታብ የተሰፋ የአርበኛ ደብዳቤ ተይዞበት ነው ይሉናል። ወሬው ከበሩ ወደ መሰላሉ እስኪደርስ ያችን ታህል ጊዜ አገኘሁ።»

«ታዲያ የት ጣልከው?»

«አልጣልኩትም። ግንብ ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቤት፣ በምሥራቁ ግድግዳ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል፤ ኖራ ደፋሁበት።» ጉንጩን አሻሸ። እጁ ነጭ በነጭ ነው። «ደህና ቦታ ነው፣ እማዬ። ጣሊያን የሚሠራው ግንብ አይፈርስም ይባላል።»

ቡዜ ልጇን በመንገድ ላይ አቅፋ አላለቀሰችም። ልታለቅስ ፈልጋ ነበር፤ ሰው ያያል።

የጉለሌውን ወሬ ሰምታ ግን ልቧ አላረፈም። ጦቢያ ለምን ዘገየች? ጣሊያኑ ደጅ ድረስ ለምን ሸኛት? እሑድን ሙሉ የሚያንኳኳ ሰው ስትጠብቅ ዋለች። ያንኳኩት ጠላ ፈላጊዎች ብቻ ነበሩ።

*

ሰኞ ኅዳር ፭ ቀን ቡዜ ከሁሉም ቀድማ ችሎት ደረሰች። አቶ ተከስተ ከመዝገባቸው ቀና ብለው አዩዋት፤ እንደማያውቃት ሰው ዓይናቸውን መለሱ። ሦስት ነገር ተሰማ። አራተኛው «ቡዜ ሊካሳና ጦቢያ ዲሪባ» ተብሎ ሲጠራ ቡዜ ብቻዋን ቆመች።

«ባለጋራሽስ?» አሉ ዳኛው። ሽማግሌ ናቸው፤ ጣሊያን የሾማቸው ያገሬው ሰው።

ከኋላ ሳል ተሰማ። ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ጦቢያ ጋቢዋን እንደ ተከናነበች መጥታ ከቡዜ አንድ ክንድ ርቃ ቆመች። ከሁለት ዓመት ሙግታቸው ጀምሮ እንዲህ ነበር የሚቆሙት፤ እግራቸው ቦታውን ያውቀዋል።

«ምን አጣላችሁ፣ ምን አስታረቃችሁ አልላችሁም» አሉ ዳኛው። «በ፲፱፻፳፯ የተሰጠው ፍርድ በስምምነት ይቅርልን ትላላችሁ?»

«እላለሁ» አለች ቡዜ።

ጦቢያ ከመመለሷ በፊት የጎኑ በር ተከፈተ። የፍርድ ቤቶቹ የበላይ የሆነው ጣሊያን ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ገባ። አንዳንድ ቀን እንዲሁ ገብቶ ቆሞ ያያል። ዳኛው ተነሡ፤ ሰው ሁሉ ተነሣ። ሹሙ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው ነገረው። ሹሙ ቡዜን ከእግር እስከ ራስ ተመለከታትና አንድ ነገር ተናገረ።

«ሹሙ የሚሉት» አለ አስተርጓሚው፣ «ሰው ፍርድ ሲረታ ይዞ ይኖራል። ይህች ሴት የረታችውን ለምን ትመልሳለች?»

ዳኛው አይጠይቅም የተባለው ጥያቄ መጣ። ቡዜ ጆሮዋ ውስጥ የራሷን እልልታ ሰማች። አቶ ተከስተ ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነክረው እንደያዙ ቀሩ፤ አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«እኔ ልመልስላቸው» አለች ጦቢያ። ድምጿ ችሎቱን ሞላው፤ ያ ሳል የት እንደ ገባ አይታወቅም። «ይህች ሴት አባቴ ቤት ጠጅ ትጥል ነበር። ጠጅ ጣይ የስንት ሰው ብርሌ እንደምትሞላ ሹሙ ይወቁ! ልጅ ወለደች፤ ከዚያ ዞራ አየች፤ ቆርቆሮ የለበሰው ቤት የአባቴ ብቻ ነበረ። ልጁን ለቆርቆሮው ሰጠችው። ሁለት ዓመት አንከራተተችኝ። አሁንስ? ቆርቆሮው ዛገ፣ አባቴም ሸፈተ። ከሽፍታ ምን ይወረሳል፣ ቅማል? ስለዚህ መለሰችልኝ። እኔም ግቢዬን ስላገኘሁ ታረቅሁ። ነገ ደግሞ ከአዲሶቹ ግንብ ቤቶች የአንዱን ቁመት አይታ ለባለቤቱ ልጅ ትሰጠው ይሆናል!»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። አስተርጓሚው የመጨረሻዋን ዋጥ አድርጎ ሌላውን ተረጎመ። ሹሙ ፈገግ አለና ወደ ቡዜ በአገጩ አመለከተ።

«እውነት ነው ወይ ይሉሻል።»

አዎ ብትል በሐሰት ምያለሁ ማለት ነው። አይደለም ብትል ደግሞ ልጇ የዲሪባ ነው ማለት ነው።  የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ከኋላ ስትስቅ ድምጿን ለየችው። ቡዜ ራሷን ደፋች።

«እሜቴ የፈቀዱትን ይበሉኝ» አለች። «ታርቀናል።»

ሹሙ ሳቀና ወጣ። በሩ ሲዘጋ ዳኛው ቶሎ ቶሎ ተናገሩ። «እጅ ለእጅ ተያያዙ። ይቅር ለእግዜር ተባባሉ።»

የጦቢያ እጅ እንደ ወረቀት የቀለለ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ነበር። ይቅር ለእግዜር ተባባሉ። ጦቢያ ፈረመች፤ ቡዜ አውራ ጣቷን በቀለም ነክራ አተመች። አቶ ተከስተ በገጽ ሰማንያ ሰባት ኅዳግ ላይ ጻፉ፦ «ባለጉዳዮቹ ታርቀው ሁለቱም ወደውና ፈቅደው ስለ ጠየቁ ይህ ፍርድ በስምምነት ቀርቷል። ኅዳር ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.»

*

አብረው ከተመለሱ ሰው ያያቸዋል። ጦቢያ ከፊት ሄደች፤ ቡዜ አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ተከተለች። የቂርቆስ ዳገት ላይ ሲደርሱ ጦቢያ ሳሏ ተነሣባትና አንድ ባሕር ዛፍ ተደገፈች። ቡዜ ባሕር ዛፉን አልፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከእግሯ እሾህ እንደምትነቅል ሆና ቁጢጥ አለች።

«ቅዳሜ ዕለት አዘገዩኝ» አለች ጦቢያ ወደ መንገዱ እያየች። «ያንኑ ነው የሚጠይቁት። ሦስት ወር ሙሉም ያንኑ ነው የጠየቁኝ። ወንድም አለሽ? የለኝም። ወንድም አለሽ? አባቴ ወንድ ልጅ የለውም። አንድ ጊዜ እንኳ አልተንተባተብኩም። ሌሎቹ ሴቶች ሲዋሹ ድምፃቸው ይሰበር ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ችሎት ላይ ስለው አፌ ለምዶታል። አንቺ ነሽ ያስለመድሽኝ።»

ቡዜ እግሯን እንደያዘች ቀረች። «ታውቂ ኖሯል?» አለች፤ እሜቴን ረሳችው።

«በአጥሩ ማዶ ሲያስነጥስ እሰማዋለሁ። ደግሞ ያን የአባቴን ማስነጠስ ከማን ይሰርቀዋል?»

«ታዲያ ሐሙስ ለምን ጠየቅሽኝ?»

ጦቢያ መልስ ከመስጠቷ በፊት አፏን ጠረገች። ጋቢው ላይ ቀይ ነገር ነበር።

«ይሄን ሳል ስለ ማን እንደያዝኩት ላውቅ ብዬ ነው» አለች። «ሂጂ በይ፤ ሰው መጣ።»

አጥሩ አልተነቀለም። ቢነቀል ታረቁ ብቻ አይባልም፤ ታርቀው አንድ ሆኑ ይባላል። ቡዜ በቅንጭቡ ሥር፣ የዶሮ መግቢያ በምታህል ቀዳዳ፣ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ታስገባ ነበር። በማዶ እጅ ይቀበለዋል። አንዳንድ ቀን ከማዶ፣ «ዛሬ ጨው በዛ፤ እንደ መሐላሽ ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቡዜም፣ «ጠጂው ዝም ብለሽ» ትላለች።

ባላምባራስ ዲሪባ በዚያው ዓመት ክረምት በውጊያ ወደቁ። ጦቢያ በመጋቢት ፲፱፻፴፪ ዓ.ም. ሞተች። ሬሳውን የሚያነሣ ዘመድ አልነበረም፤ የሽፍታ ልጅ ለቅሶ ማን ይደርሳል? ቡዜ አጥባት ገነዘቻት፤ አስመላሽና ሁለት ግንበኞች ተሸከሟት፤ ቂርቆስ ተቀበረች። ቄሱ «ለሟች ምኗ ነሽ?» ሲሏት ቡዜ ዙሪያዋን አየች። በቅጥሩ በር አጠገብ አንድ ባንዳ ቆሟል።

«ባለጋራዋ ነኝ» አለች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ፲፱፻፴፫ ሰኔ፣ ቡዜ ያንኑ ፍርድ እንዲመለስላት ችሎት ገባች። አዲሱ ዳኛ መዝገቡን አስቀርበው አዩ።

«በስምምነት የቀረ ነው» አሉ። «እንዲጸና ደግሞ ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ። ባለጋራሽን ይዘሽ ነይ።»

«ቂርቆስ ናት፣ ጌታዬ።»

«ጥሪ ይላክላትና ትምጣ።»

«አትመጣም። የቀበርኳት እኔ ነኝ።»

ዳኛው መዝገቡን ዘጉ። ወረቀቱ የአንድ ቤት ምሥራቅ ግድግዳ ውስጥ ነው፤ ያን ግድግዳ የሚያፈርስ የለም። አስመላሽ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አስመላሽ ሊካሳ ሆኖ ኖረ።

ያን ቀን ቡዜ ከመውጣቷ በፊት አቶ ተከስተ ጠረጴዛ ዘንድ ሄደች። አርጅተዋል፤ እሷ ስትቀርብ ግን ያለ ጥያቄ ገጽ ሰማንያ ሰባትን አወጡ።

«በኅዳጉ ያለውን ያንብቡልኝ» አለች።

አነበቡላት።

«ይድገሙልኝ።»

ደገሙላት። ቡዜ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ ያዘችውና ወደ ቤቷ ሄደች።